ሰምቶ ለሚገባው፣ መልሶ ለማይናገረው ልጅ፦ በውጭ አገር የሚሸጡ የአማርኛ ማስተማሪያዎች ሲመዘኑ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በስቶክሆልም ወይም በሪያድ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ እናቱ «ጫማህን አድርግና ና» ስትለው ጫማውን አድርጎ ይመጣል። መልሱን ግን በእንግሊዝኛ፣ በስዊድንኛ ወይም በዐረብኛ ይሰጣል። ይህን ልጅ አማርኛ አይችልም ማለት ስሕተት ነው፤ ይችላል ማለትም አፍ አይሞላም። ገበያ ላይ ያሉት ማስተማሪያዎች ደግሞ አብዛኞቹ የተሠሩት ሌሎች ሁለት ልጆች ታስበው ነው። አንዱ አገር ቤት ተወልዶ በቋንቋው አፉን የፈታ፣ ፊደል ብቻ የቀረው ልጅ ነው። ሌላው አማርኛ በጆሮው ገብቶ የማያውቅ። መሐል ላይ ያለው፣ በውጭ አገር ግን በብዛት የሚገኘው ልጅ፣ የራሱ ዕቃ የለውም። ስለዚህ እዚህ እያንዳንዱን የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ልጁ አስቀድሞ ከሚሰማው ተነሥቶ ወደ መናገርና ወደ ማንበብ እንዲሻገር ይረዳዋል ወይ?

ወላጅ ሁሉ ቀድሞ የሚገዛው የፊደል ገበታ ነው። ርካሽ ነው፣ ዋጋውንም ያወጣል፤ ግን ገበታ ሁሉ አንድ አይደለም። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት ለብዙ ትውልድ ሲያትመው የኖረው ዓይነት ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ አለው፣ ከዚያም የንባብ መለማመጃ ይከተላል። ለውጭ ገበያ በቀለምና በሥዕል አሸብርቀው ከሚታተሙት ውስጥ አቡጊዳን የጣሉት ብዙ ናቸው። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሀሁን በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደል የለየ ይመስላል፤ «መ ሙ ሚ ማ» ብሎ ሳይደናቀፍ ይጨርሳል። «ሚ»ን ነጥለው ሲያሳዩት ግን ከ«መ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም። አቡጊዳ ይህን ይሰብራል፤ «አ» ከግዕዝ፣ «ቡ» ከካዕብ፣ «ጊ» ከሣልስ፣ «ዳ» ከራብዕ፣ «ሄ» ከኃምስ፣ «ው» ከሳድስ፣ «ዞ» ከሳብዕ ይወሰዳሉ። በየርምጃው ቤቱም (የፊደሉ ረድፍ) ድምፁም ስለሚለወጥ ዜማው ልጁን ተሸክሞ አያሻግረውም፤ ዓይኑ ራሱ መሥራት አለበት። አቡጊዳ የሌለው ገበታ ቤት ካለ መጣል አያስፈልግም። አንድ ካርቶን መሐሉን በአንድ ፊደል ልክ ቆርጣችሁ ገበታው ላይ እያንቀሳቀሳችሁ ጠይቁት። ከዐሥር ስምንቱን ወዲያው ካለ ለይቷል፤ በጣቱ ወደ ግራ ሄዶ ከቆጠረ ገና ነው።

መጠኑን በተመለከተ ከኤ2 (42 በ59 ሳንቲ ሜትር) ያነሰ አትግዙ። 33 ረድፍ በኤ4 ወረቀት ላይ ሲታተም እያንዳንዱ ረድፍ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያንሳል፤ በዚያ መጠን «ሰ»ንና «ስ»ን ከመኝታ ማዶ ሆኖ የሚለይ የአምስት ዓመት ልጅ አይገኝም። የሚያብረቀርቅ ላስቲክ የለበሰው መብራት ይመልሳል፤ ደብዘዝ ያለ ልባስ ይሻላል። የሚሰቀለው ደግሞ በመኝታ ክፍል ሳይሆን ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ በልጁ ዓይን ከፍታ ነው።

በገበታው ላይ ከሁሉ የከፋው ጥፋት በየፊደሉ ሥር የሚጻፈው የላቲን ፊደል ነው። ገዢውን ይስባል፣ ልጁን ግን ይጎዳል። ትምህርት ቤት ማንበብ የጀመረ ልጅ ዓይኑ የሚያውቀውን ስለሚመርጥ ከላይ ያለውን የኛን ፊደል አያየውም፤ ላቲኑን አንብቦ ያልፋል። ላቲኑ ራሱም ያሳስታል። በብዙዎቹ ገበታዎች ላይ «በ» እና «ቤ»፣ አንዳንዴም «ብ» ጭምር፣ በአንድ ዓይነት የላቲን አናባቢ ይጻፋሉ፤ ልጁ የሚማረው ሦስቱን ማደባለቅ ነው። አማርኛ የማይናገር ወላጅ ላለበት ቤት፣ ለምሳሌ በማደጎ ላሳደጉ ቤተሰቦች፣ ላቲኑ ለወላጁ ይጠቅማል፤ እንደዚያ ከሆነ በተለየ ወረቀት ይያዝ። ያላችሁ ገበታ ላቲን ካለበት በነጭ ፕላስተር ሸፍኑት።

እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ሌላም መሰናክል አለበት። «ሀ» የእንግሊዝኛው ዩ፣ «ሠ» ደብልዩ፣ «ዐ» ኦ ሆነው ይታዩታል። «ተ» ብቻ በዕድል ከቲ ጋር ትቀራረባለች። ከእነዚህ መጀመር ስለማያዋጣ በ«ለ»፣ በ«መ» እና በ«ሰ» መጀመር ይሻላል። ሦስቱ ቤቶች ብቻ ሲለዩ ሰላም፣ ስም፣ ላም፣ ሎሚ ይነበባሉ። «በ» እና «ተ» ሲጨመሩ ቤት፣ ልብስ፣ ሰባት ይመጣሉ። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት እውነተኛ ቃል ማንበቡ ለቀጣዩ ወራት ስንቅ ይሆነዋል።

ካርድ ለሚገዙ ደግሞ 231 ካርድ ያለውን ትልቅ ሳጥን አንመክርም። «ሐ»፣ «ኀ»፣ «ሠ»፣ «ዐ» እና «ፀ» በአማርኛ ድምፃቸው ከሌሎቹ ስለማይለይ በመጀመሪያው ዙር ይቆዩ፤ «ኸ»፣ «ዠ»፣ «ጰ» እና «ፐ» ደግሞ በልጅ ቃላት ውስጥ ብዙም ስለማይገኙ ይዘግዩ። የሚቀሩት 24 ቤቶች፣ 168 ፊደላት ናቸው። በሳምንት አንድ ቤት ቢያዝ በስድስት ወር ያልቃል። የልጁ የራሱ ስም ውስጥ ያለ ፊደል ግን አይዘግይም፤ ኃይሉ ወይም ሣራ የሚባል ልጅ ስሙን እንደተጻፈ ከመጀመሪያው ይወቀው። ቀጭን ወረቀት በሁለት ሳምንት ስለሚታጠፍ የካርዱን ውፍረት በእጃችሁ ፈትኑ። ሥዕሎቹንም እዩ፤ ሞፈርና ቀንበር ለሥዕል ያምራሉ፣ ሆኖም ፊደልና እንግዳ ቃል አንድ ላይ ሲመጡ ልጁ ሁለቱንም ያጣል። ማንኪያ፣ ካልሲ፣ ሽሮ፣ ቁልፍ ያለበት ካርድ ጆሮው የሚያውቀውን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ያገናኝለታል። ከሰ ሸ፣ ከተ ቸ፣ ከነ ኘ፣ ከደ ጀ፣ ከዘ ዠ የሚለዩት አናታቸው ላይ በተጨመረች ምልክት መሆኑን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳይ ካርድ ካገኛችሁ ያዙት፤ ይህን አስቦ የሠራ አሳታሚ ልጅ አስተምሮ ያውቃል።

ማንበብ የጀመረ ልጅ የሚወድቅበት ቦታ ደግሞ ጥብቀትና ላልቶ መነበብ ነው። ጽሕፈታችን አያሳየውም። «ገና» በዓሉም ነው፣ «እስካሁን አልሆነም» ማለትም ነው። «ዋና» ውኃ ውስጥ የሚዋኘውም ነው፣ ትልቁና ተቀዳሚውም ነው። «አለ» ተናገረም ነው፣ ይገኛልም ነው። አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሲገባ በጆሮው ያስተካክለዋል፤ ስለዚህ ነጠላ ቃል ብቻ የሚያስነብብ መጽሐፍ ወይም የስልክ መተግበሪያ ትልቁን ሀብቱን አያስጠቅመውም። ቢያንስ ሦስት ቃል ያለው አጭር ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ መኖር አለበት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዐረብኛ የተማረ ልጅ ሸዳን (ድምፁ መጥበቁን የሚያሳየውን የዐረብኛ ምልክት) ስለሚያውቅ የጥብቀትን ነገር ቶሎ ይይዛል።

ይህ ልጅ ሌላም ጥቅም አለው፣ በእስራኤል ዕብራይስጥ የተማረውም እንዲሁ። ቤት በዐረብኛ በይት፣ በዕብራይስጥ ባይት ነው፤ ስም ደግሞ ኢስም እና ሼም። አንድ ልጅ ከሪያድ ወደ ቨርጂኒያ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ሃይፋ ሲዛወር የያዘው ቋንቋ ሁሉ ተቃራኒ እንዳልሆነ በእንደዚህ ዓይነት ጥንዶች ማሳየት ይቻላል። የሚያስቸግረው የአቅጣጫው ነገር ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ የለመደ ልጅ «ላም»ን «ምላ» ብሎ ሊያነብ ይችላል። በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ነጥብ ማድረግ ለጥቂት ሳምንታት ይበቃል። እስካሁን ካየናቸው የሕትመት ውጤቶች ይህን ችግር አስቦ የተዘጋጀ የለም፤ ሁሉም እንግሊዝኛ ተናጋሪን ልጅ ብቻ ያስባሉ።

የድምፅ ቅጂ ያለው መተግበሪያ በዋናነት የሚጠቅመው ለፈንጂ ድምፆች ነው፤ ለቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ። ልጁ «አባቴ መጣ» ሊል ፈልጎ «አባቴ መታ» ይላል፣ «ጠፋ»ን «ተፋ» ያደርገዋል። ቅጂው የሰው ድምፅ መሆኑን፣ ሁለቱን ቃላት እያከታተለ ማሰማቱንና ልጁ ራሱን ቀድቶ ማዳመጥ መቻሉን አረጋግጡ። ቤት ውስጥ ደግሞ ቀጭን ሶፍት ወረቀት በልጁ አፍ ፊት ያዙ። እንግሊዝኛ የለመደ ልጅ «ተ» ሲል ወረቀቱ ይርገበገባል፤ «ጠ» በትክክል ሲወጣ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ከዚህ ውጪ ኮከብና ነጥብ የሚሰጡ ጨዋታዎች ከመለየት አያልፉም። ፊደሉን በጣት የሚያስጽፉት ይሻላሉ፣ ሆኖም ስክሪን ላይ የተማረ እጅ እርሳስ ሲይዝ እንደገና ስለሚጀምር ደብተር አይቅር።

ከአገር ቤት የሚመጣው የአንደኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ጥሩ ምንባብ አለው፣ የሚመጣበት ጊዜ ግን ቶሎ ነው። ትእዛዞቹ («በሰንጠረዡ መሠረት አዛምዱ» ዓይነቶቹ) ለዚህ ልጅ ከትምህርቱ ይከብዳሉ። ፊደል ከለየ ከአንድ ዓመት በኋላ ምንባቡን ብቻ እየመረጣችሁ ተጠቀሙበት። በሁለት ቋንቋ የሚታተሙ የተረት መጻሕፍት ይወደዳሉ፤ እንግሊዝኛው ያለበት ግማሽ ገጽ እስካልተሸፈነ ድረስ ግን ልጁ የሚያነበው እሱኑ ነው።

አሁን ወደ መናገር እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚወጣውም የሚባክነውም እዚህ ነው። ይህ ልጅ ቤት ውስጥ የሚሰማውን አማርኛ ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ አብዛኛው ትእዛዝ ነው። ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ተው፣ ታጠብ። ለትእዛዝ የሚሰጠው ምላሽ ደግሞ ማድረግ ነው፣ መናገር አይደለም። ስለዚህ ልጁ «ብላ»ን አሳምሮ ያውቃል፣ «በላሁ»ን፣ «እበላለሁ»ን፣ «ልብላ»ን ግን ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። ወንድ ልጅ በእኅቶቹ መካከል ካደገ ደግሞ ለሁሉም «ነይ» ይላል። አያቱ በስልክ ሲመጡ «ደህና ነህ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ «ደህና ነዎት?» የሚለውን የት ይስማው? አንድ ኮርስ ወይም አስተማሪ ከመቅጠራችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ፤ ግሡን በ«እኔ» የሚያስተምርበት ምዕራፍ ስንተኛው ነው? አንተን፣ አንቺንና እርስዎን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይለያል ወይ? «አንተ»ን ብቻ ይዞ የሚሄድ ኮርስ ሲጨርሱ እንደገና የሚያስጀምር ስለሆነ ቅናሽ ቢኖረውም አይገዛ።

በኢንተርኔት ከአዲስ አበባ የሚያስተምሩ አስተማሪዎች ለዚህ ከሁሉ የተሻሉ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ጥሩውን ከመካከለኛው መለየት ግን ያስፈልጋል። የሙከራ ክፍለ ጊዜ ሳይሰጡ የወር ክፍያ ከሚጠይቁት ራቁ። በሙከራው ላይ ሰዓት ይዛችሁ አድምጡ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ቢያንስ 10 ደቂቃ መናገር አለበት፣ የተሰባበረም ቢሆን። ጥሩ አስተማሪ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ አታፈጥጥም። «ወተት ነው ሻይ የምትፈልገው?» ትላለች፤ መልሱ ጥያቄው ውስጥ ስላለ ልጁ አፉን ይከፍታል። ልጁ «እኔ ሄደ ትምህርት ቤት» ሲል «ስሕተት ነው» አትልም፤ «እሺ፣ ትምህርት ቤት ሄድክ! ከማን ጋር ሄድክ?» ብላ ትክክለኛውን አሰምታ ግሡን መጨረሻ ላይ አስቀምጣ ትቀጥላለች። በየቃሉ የሚታረም ልጅ ዝም ማለትን ነው የሚማረው። በእንግሊዝኛ እያብራራች የምታስተምር ከሆነ ደግሞ ልጁ በእንግሊዝኛ መመለሱን ይቀጥላል፤ ሰምቶ የሚገባውን ልጅ ለምን በሌላ ቋንቋ ያናግሩታል?

በሳምንት አንድ ጊዜ ለ60 ደቂቃ ከሚሆን ሁለት ጊዜ ለ30 ደቂቃ ይሻላል። ሁለት ወንድማማቾችን አንድ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ ይቆጥባል፣ ታናሹ ግን ታላቁን አስቀድሞ ዝም ይላል። መሥመር ሊቋረጥ ስለሚችል የዕለቱ ገጽ ቀድሞ በቴሌግራም ይላክ፤ ቪዲዮው ሲጠፋ በድምፅ ብቻ መቀጠል ይቻላል።

የሰዓቱን ጉዳይ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ጨርሱ፤ ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚጠፋው በዚህ ነው። አስተማሪዋ «ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት» ስትል በኛ አቆጣጠር ነው፤ ስልካችሁ 18፡00 የሚለው። በክረምታቸው ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ያ ለልጁ ጠዋት 10፡00 ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፣ አሜሪካ ግን በፈረንጆቹ ማርች ሁለተኛ እሑድ ትቀይራለች፤ ከዚያ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ልዩነቱ 7 ሰዓት ይሆናል፣ የልጁ 10፡00ም ለአስተማሪዋ 11 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ስቶክሆልም ያለው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ይለያል። ሪያድ ያለው ምንም ልዩነት የለበትም።

የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ቤቶች ሌላ ነገር ይሰጣሉ፤ በቋንቋው ውጤት ብቻ መዝነን ዝቅ ብናደርጋቸው እንበድላቸዋለን። ልጁ እንደሱ ያለ ስም ያለው፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ እንጀራ የሚይዝ፣ ቤቱ ሲገባ ሌላ ቋንቋ የሚሰማ እኩያ ያገኛል። ይህን ማንም የግል አስተማሪ አይሰጠውም። ድክመታቸው ግን በሁሉም ከተማ ተመሳሳይ ነው፤ ልጆችን በዕድሜ እንጂ በችሎታ አይከፍሉም። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣው የ9 ዓመት ልጅና እዚያው የተወለደው እኩያው አንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው ያፍራል። ያፈረ ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሆዱን ያመዋል። ከመመዝገባችሁ በፊት ሲመዘገብ የችሎታ ፈተና እንዳለ፣ አንድ አስተማሪ ስንት ልጅ እንደሚይዝ (ከ12 በላይ ከሆነ ተራ አይደርሰውም)፣ መጽሐፉ በየዓመቱ ከሀሁ እንደማይጀምር ጠይቁ። ከዚያ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆማችሁ አድምጡ። ልጆቹ በአማርኛ እንዲጫወቱ የሚያደርግ ጨዋታ ካለ፣ ብይ ይሁን ሱዚ ወይም አባሮሽ፣ ያ ትምህርት ቤት ገብቶታል።

በቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉት ንባብን በሥርዓት ያስተምራሉ፣ ግዕዝና ጸሎትም ይጨምራሉ፤ ለሚፈልግ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፣ ጭውውትን ግን አይተካም። ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት የሆኑ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ ማዕከላትን ይመርጣሉ። ቤቱ ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ጭምር ካለ የአማርኛው ክፍል እሱን እንዲያስጥለው አትፍቀዱ፤ ልጁ ሁለቱንም ይችላል፣ ለእያንዳንዱ የሚያናግረው ሰው እስካለ ድረስ።

በነጻ የሚገኝና ከብዙ የሚሸጥ ዕቃ የሚበልጥ አንድ ነገርም አለ፤ የስልክ መጻፊያው። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ማንኛውም ስልክ ያሳየዋል። በአንድሮይድ ላይ የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው፣ በኮምፒውተር ላይ ኪይማን በነጻ ይጫናል። ለአክስቱ በየቀኑ አንድ መስመር በፊደል የሚጽፍ የ10 ዓመት ልጅ ፊደል አይረሳም። አክስቲቱ በላቲን እንዳትመልስለት ግን አስቀድማችሁ ንገሯት።

ለጎረምሳ ልጅ ሀሁ ገበታ ክብር መንካት ነው፤ ለእሱ የሚሠራው የራሱ ጥቅም ያለበት ግብ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. የመንግሥት አገልግሎት በሌሎች ቋንቋዎችም እንዲሰጥ ሕግ አውጥታለች፤ አማርኛ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ በአማርኛ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ይፈለጋል። ብዙ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ደግሞ፣ ካሊፎርኒያ በ2011 እ.ኤ.አ. ከጀመረችው ወዲህ፣ ሁለት ቋንቋ መቻሉን ላረጋገጠ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማው ላይ ማኅተም ያደርጋሉ። በአማርኛ ለመፈተን አቫንት የሚባለው ድርጅት የመጻፍና የመናገር ፈተና አለው። መናገሩን የሚያልፉት ብዙ ናቸው፤ የሚጥለው መጻፉ ነው፣ ያውም በኪቦርድ። ስለዚህ በአሥረኛ ክፍል መተየብ ይጀምር፤ በሳምንት አንድ አንቀጽ፣ ሐሳቡን የሚገልጽ እንጂ ዝርዝር ያልሆነ። የትምህርት ቤቱን አማካሪ ደግሞ በአሥራ አንደኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ጠይቁ። እንደ ስፓኒሽ በየዓመቱ የሚፈተኑበት ቋንቋ ስላልሆነ ፈተናው በጥያቄ ነው የሚዘጋጀው፤ ተፈታኙን የሚቆጣጠር ሰው፣ ቀንና ክፍያ ለማመቻቸት ወራት ይወስዳል።